የተማሪው ሸክም ስንቁ ብቻ አይደለም

ዓርብ ከቀትር በኋላ ከወረዳ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደውን መንገድ የተመለከተ ሰው፣ ባዶ ማዳበሪያ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው በቡድን በቡድን የሚጓዙ ልጆችን ያያል። እሑድ ማታ ደግሞ እነዚሁ ልጆች ያንኑ ማዳበሪያ በበሶ፣ በቆሎ፣ በድርቆሽና በሽሮ ዱቄት ሞልተው ወደ ከተማው ሲመለሱ ይታያሉ። እነዚህ በአቅራቢያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ፣ በከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት ተከራይተው ሳምንቱን በዚያ ስንቅ እየኖሩ የሚማሩ የገጠር ተማሪዎች ናቸው።

እናት ማዳበሪያውን ስታሸክም ክብደቱን በእጇ ታውቀዋለች፤ ከበዛበትም ትቀንስለታለች። ነገር ግን ልጁ ከስንቁ ጋር ይዞት የሚሄድ ሌላ ሸክም አለ። እርሱም የቤተ ሰቡ ተስፋ፣ የፈተናው ፍርሃትና የብቸኝነቱ ኀዘን ነው። ይህን የሚመዝን ሚዛን በቤት የለም፤ ልጁም በስም ጠርቶ አይናገረውም። እኛ በልጅነታችን በአብነት ትምህርት ቤት ፊደልና ዜማ ተምረን ለዲቁና የበቃን፣ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን ዛሬ በመምህርነት የምናገለግል እንደ መሆናችን፣ ሁለቱንም ቤት ስለምናውቅ፣ ስለዚህ ስለማይታየው ሸክም ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ሸክሙ ከየት ይመጣል?

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ተማሪ ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ዕድሜው 17 ወይም 18፣ አንዳንድ ጊዜም ከ20 በላይ ነው። በብዙ ቤት፣ ከዘሩ መካከል አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። የቤት ኪራዩን ለመክፈል በግ ተሸጧል፤ በእርሱ ፈንታ ታናሽ ወንድሙ ከብት ይጠብቃል፤ አባቱም በደጀ ሰላምም በገበያም «ልጄ ዘንድሮ ተፈታኝ ነው» እያለ ይናገራል። ይህ ሁሉ ፍቅር መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ይኸው ፍቅር በልጁ ልብ ውስጥ እንደ ዕዳ ይጻፋል። መጽሐፉን በገለጠ ቍጥር የተሸጠው በግ ይታየዋል፤ ከወንድሙ ጋር ሲገናኝም ቀና ብሎ ሊያየው ያፍራል።

ተማሪዋ ሴት ስትሆን ሸክሙ ይደራረባል። በኪራይ ቤት አብረዋት ለሚኖሩት ወንድሞቿ የምታበስለው እርሷ ናት፤ ለስንቅ ወደ ቤቷ በሄደች ጊዜም ውኃ መቅዳቱና እህል ማሰናዳቱ ይጠብቃታል። በመንገድ የሚያጋጥማትን ትፈራለች። ከዚህም በላይ፣ ፈተናውን ካላለፈች የሚጠብቃት ትዳር መሆኑን አስቀድማ ሰምታለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም፣ 18 ዓመት የሞላትን ልጅ ግን ከቤተ ሰቧ ጉትጐታ የሚያድናት የራሷ ቤት ሰዎች ማስተዋል ነው።

በነዚህም ላይ የዘመኑ መከራ ተጨምሯል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ ሀገሪቱ ተዘጉ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፣ ተዘረፉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣም የብዙ ልጆች ትምህርት እንደ ገና ተቋረጠ። ከነዚህ ልጆች መካከል ዛሬ በከፍተኛ ክፍል የተቀመጠው፣ የጐደለው የትምህርት ዓመት ብቻ አይደለም፤ በዐይኑ ያየው፣ በጆሮው የሰማው፣ ማንም ስለዚያ ጠይቆት የማያውቅ ነገር በውስጡ አለ።

ስለ ፈተናው ደግሞ እውነቱን በቍጥር እንናገር። የፈተና ስርቆትን ለመግታት ሲባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ተደረገ። ከወረዳው ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በሕይወቱ ትልቁን ፈተና የሚፈተነው ቤቱን፣ መምህሩንና መንደሩን ርቆ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 900 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 30 ሺህ ያህል፣ ይኸውም ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ውጤት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 የሚበልጡ ነበሩ።

አባቶችና እናቶች ይህን ቍጥር ደጋግመው ያስቡት ዘንድ እንለምናለን። ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት በወደቁበት ፈተና የወደቀ ልጅ፣ ከመንደሩ ሁሉ ተለይቶ የሰነፈ ልጅ አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት ማንም ሳያልፍ ሲቀር፣ ጥያቄው ወደ ትምህርቱ፣ ወደ መጻሕፍቱ፣ ወደ መምህራኑና ወደ ተቋረጡት ዓመታት ይሄዳል እንጂ፣ የሁሉም ዕዳ በአንድ ልጅ ራስ ላይ አይጫንም። ልጁ ግን ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ይመስለዋል።

ድካም መቼ ሕመም ይሆናል?

መጨነቅ ሁሉ በሽታ አይደለም። ፈተና ሲቀርብ ልብ መምታቱ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ ሰው ሲለዩ ማዘን የፍጥረት ነገር ነው። ነገር ግን ኀዘኑ ወይም ፍርሃቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቅ ሲቆይ፣ ከቀድሞ ደስታውና ከዕለት ሥራው ሲለየው፣ ያን ጊዜ ሕመም እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። ሐኪሞች ይህን ድባቴ ይሉታል፤ ፍርሃቱ የበረታ እንደ ሆነም የጭንቀት ሕመም ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ ያህል የአእምሮ ሕመም ይደርስበታል። እንግዲህ ይህ የጥቂቶች ወይም የደካሞች ዕጣ አይደለም።

የገጠር ልጅ ግን «አዝኛለሁ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን አመመኝ»፣ «ሆዴን ቈረጠኝ»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሰውነቴ ይቃጠላል» ይላል። ስንቁ በሳምንቱ መጨረሻ እንዳለ ይመለሳል፤ ወይም ለስንቅ መምጣቱን ራሱን ይተዋል። ሌሊት አይተኛም፤ ወይም ቀን ሙሉ ይተኛል። ቀድሞ ይቀድስበት፣ ይዘምርበት ከነበረው ቦታ ይቀራል። በጥቂቱ ይቈጣል። ደብተሩን ገልጦ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ይፈዛል። አንዳንዱም ድካሙን ለማራቅ ብሎ ጫት ይጀምራል፤ ጫቱ እንቅልፉን ይነሣዋል፤ የእንቅልፍ ማጣቱም ሐሳቡን ያባብሰዋል። ቤተ ሰቡ ይህን አይቶ «ከተማ አበላሸው»፣ «ጠገበ»፣ «ሰነፈ» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታው በስንፍና ስም የተጠራበት ልጅም እንዲሁ ነው።

የቀድሞው ተማሪ ያልተለየው ነገር

ምናልባት አንዳንድ አባት «እኛስ ከዚህ የባሰ ችግር አይተን አልተማርንምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የአብነት ተማሪ ኑሮ ከባድ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ከባድ ነው። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የሄደው ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ በልቷል። ረኀቡንና ተስቦውን፣ ዱላውንም ጭምር ማስታወስ ይገባል እንጂ ያን ኑሮ ማሸብረቅ አያስፈልግም።

ነገር ግን ያ ተማሪ አንድ ነገር አልተለየውም፤ እርሱም ሰው ነው። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ቀለሰ፤ የለመነውን ከነርሱ ጋር በላ። ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ታናሹን ያስቀጽለዋል። ሲታመም ጓደኛው ለምኖ ያመጣለታል። የኔታ ድምፁን በየዕለቱ ስለሚሰሙ፣ አንድ ቀን ዜማው ቢሰበር ወይም ቦታው ባዶ ቢሆን ያውቁበታል። ትምህርቱም በዓመት መጨረሻ በአንድ ቀን የሚቈረጥ አልነበረም፤ ያልዘለቀው ልጅ ከልሶ ያጠናል፤ ድጓ ያልሆነለት ወደ ቅኔ ወይም ወደ ቅዳሴ ይሄዳል፤ ቢያንስ በአጥቢያው ዲያቆን ሆኖ ያገለግላል። «ወደቀ» ተብሎ ከሰው ተራ የሚወጣበት ቀን የለም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ብዙ በጎ ነገር ሰጥቶናል፤ እኛም እንጀራችንንም ዕውቀታችንንም ከእርሱ አግኝተናል። ነገር ግን መምህሩ ስድሳና ከዚያ የሚበልጡ ልጆች ባሉበት ክፍል ገብቶ፣ ደወል ሲደወል ወደ ሌላው ክፍል ያልፋል። ልጁ ቢቀር በስም መጥሪያው ላይ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ወደ ኪራይ ቤቱ ሄዶ «ምን ሆንህ?» የሚለው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ወላጆቹ ሩቅ ናቸው፤ አከራዩ የምታውቀው የወሩን ኪራይ ነው። እንግዲህ የዛሬው ተማሪ ከቀድሞው የሚያንሰው በብርታት አይደለም፤ ቀድሞ የነበረው ሰው ዛሬ በአጠገቡ ስለሌለ ነው።

ነቢዩ ኤልያስን እናስብ። በቀርሜሎስ ተራራ ያን ያህል ኃይል የተደረገለት ሰው፣ ኤልዛቤል በዛተችበት ጊዜ ሸሽቶ፣ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ፣ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር አስቀድሞ ያደረገለትን እንመልከት። በተግሣጽ አልጀመረም። መልአኩ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ጠየቀው፤ የልቡንም ሲናገር ሰማው። በመጨረሻም ሥራ ሰጠው፤ ኤልሳዕንም ጓደኛ አድርጎ ሰጠው። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ የሚጠይቅና የሚሰማ፣ ከዚያም ሥራና ጓደኛ። ነቢይ ይህ ካስፈለገው፣ በኪራይ ቤት ላለ የ17 ዓመት ልጅ እንዴት አያስፈልገው?

ሌሎች አፍሪካውያን ያደረጉት

የሚሰማ ሰው ማግኘት መድኃኒትነት እንዳለው በአህጉራችን በምርምር ተፈትኗል። በዚምባብዌ ሐኪሞቹ እጅግ ጥቂት ናቸው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በሐራሬ ከተማ አንድ ነገር ጀመሩ። ባልቴቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በአግዳሚ ወንበር አስቀመጡ፤ የተጨነቀ ሰው እየመጣ ከባልቴቲቱ ጐን ተቀምጦ ይነግራታል፤ እርሷም ትሰማዋለች፤ ከችግሮቹም አንዱን መርጦ በምን ቢጀምር እንደሚፈታው አብራው ትመክራለች። በሾና ቋንቋ ይህ ሕመም ኩፉንጊሲሳ ይባላል፤ ትርጓሜው ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፤ እኛም «ሐሳብ ገደለው» እንደምንለው። በ24 ጤና ጣቢያዎች የተደረገውና በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከባልቴቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የሕመማቸው ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ በእጅጉ ቀንሶ እንደ ተገኘ አሳይቷል።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ሻሚሪ የተባለው ሥራ በቀጥታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። መሪዎቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ ትምህርታቸውን በቅርብ የጨረሱ ወጣቶች ናቸው። ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ሰብስበው በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት ያነጋግሯቸዋል፤ ሰው በጥረት እንደሚለወጥ፣ ለተደረገለት በጎ ነገር ማመስገንን፣ በሕይወቱ የሚያከብረውንም ነገር ለይቶ ማወቅን ይለማመዳሉ። በ2021 በታተመው ጥናት ከ400 የሚበልጡ ተማሪዎች ተካፍለዋል፤ ከነዚህ ግማሽ ያህሉ በዚያው ጊዜ የአጠናን ዘዴ ብቻ ተማሩ። ድባቴና ጭንቀት ይበልጥ የቀነሰው በቡድኑ ውይይት በተካፈሉት ዘንድ ነበር።

ይህን የምንጠቅሰው የውጭውን እንዳለ እንቅዳ ለማለት አይደለም። የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በቤታችን አለ። የንስሐ አባት አለን፤ የጽዋ ማኅበር አለን፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አለን፤ ዕድር አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የጐደለው እነዚህን ሁሉ ለዚህ ልጅ ማዋል ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ በቤት። ልጁ ለስንቅ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት አገኘህ?» አይሁን። አስቀድሞ ይብላ፣ ይረፍ፤ ቅዳሜ ማታ አባት ወይም እናት ከልጁ ጋር ለብቻ ተቀምጠው «ሳምንቱ እንዴት አለፈ? ማን አጫወተህ? ምን ከበደህ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱም ሲመጣ ቶሎ ወደ ምክር አይሮጡ፤ ጨርሶ ይናገር። ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ማወዳደር፣ የተሸጠውን በግ ማስታወስ፣ «አንተ ብቻ ነህ ተስፋችን» ማለት ሸክም ይጨምራል እንጂ ኃይል አይሰጥም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የተማረው ነገር በአእምሮ የሚጸናውም በእንቅልፍ ነውና፣ ሌሊቱን ሙሉ በሻማ ማጥናት ትጋት ቢመስልም የቀኑን ትምህርት ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ በከተማው። ልጅን ወደ ኪራይ ቤት የሚልክ ቤተ ሰብ፣ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ሰው ይፈልግለት። በከተማው ያለ ዘመድ ወይም የማኅበርተኛ ወዳጅ ቢገኝ «ልጄን አደራ» ተብሎ ይሰጠው፤ ይኸውም በሳምንት አንድ ቀን ያየው፣ ቢታመም ወደ ቤተ ሰቡ ቃል ይልክ ዘንድ ነው። አደራ የተባለ ሰው በሀገራችን ልማድ ዝም ብሎ አያልፍም። አከራይ የሆናችሁ እናቶችም፣ ከኪራዩ ጋር አንድ የቡና ቀን ብትጨምሩላቸው፣ በዚያ ቡና ላይ ብዙ ነገር ትሰማላችሁ።

ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤት። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር ከሩቅ ቀበሌ መጥተው በኪራይ የሚኖሩትን ልጆች ለይቶ ይወቅ፤ ሁለት ቀን በተከታታይ የቀረውን ልጅ በዚያው ሳምንት ይጠይቅ። አንድ መምህር ስድሳውን ሁሉ ማዳመጥ አይችልም፤ ነገር ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎችን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ በሳምንት አንድ ሰዓት ስለ ኑሯቸው ብቻ የሚነጋገሩበት ጊዜ መስጠት ይችላል። ቀድሞ በዚያው ትምህርት ቤት ተምሮ ዛሬ ሥራ የያዘ ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባም ብቻ ሳይሆን ያልገባና ግን በሙያው የሚኖር፣ ተጠርቶ ቢያነጋግራቸው እጅግ ይጠቅማቸዋል። በዱላና በስድብ ማሳፈር ግን ትምህርትም ትዕግሥትም አያስተምርም።

አራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን። የንስሐ አባት ወደ ቤት በመጡ ጊዜ ስለ ከተማው ልጅም ይጠይቁ፤ እርሱንም ለብቻ ያነጋግሩት። የከተማው አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ከገጠር የመጡትን ተማሪዎች ፈልጎ ይቀበላቸው፤ ዜማ የሚያውቀውን ያገልግል፣ የማያውቀውን ይማር፤ ሰው በአገልግሎት ውስጥ ስሙ ይጠራልና። በጾም ወራት በረኀብ ላይ ሕመም የተጨመረበት ልጅ ቢኖር፣ ነገሩ በንስሐ አባት ምክር የሚታይ እንደ ሆነ ለልጁ ይነገረው፤ ከኅሊናው ጋር ብቻውን አይታገል።

ሕመሙ ሲበረታ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ ወይም ልጁ መብላትና መተኛት ከተወ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ስለ ሞት ከተናገረ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ለነገ የማይባል ነው። ድባቴና ጭንቀት ሕክምና ያላቸው ሕመሞች ናቸው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በሀገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ቤት ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል ያ ሩቅ ቦታ ብቻ ይታየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት ግን የጤና ጣቢያ ሠራተኞች እነዚህን የተለመዱ ሕመሞች ለይተው እንዲያክሙ በሀገራችንም ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። በቅርብ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የት መሄድ እንደሚገባ ታመለክታለች። መድኃኒት ከታዘዘም ኃይሉ የሚታወቀው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፣ «አልረዳኝም» ብሎ በሳምንቱ ማቋረጥ አይገባም።

ስለ ሞት የሚናገረውን ልጅ በቀጥታ መጠየቅ ብዙ ሰው ይፈራል። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃልን?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ያልነበረውን ሐሳብ አያስገባበትም፤ ይልቁንም የታፈነውን በር ይከፍትለታል። «አዎን» ካለ አትቈጡት፤ ብቻውንም አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ። በገበሬ ቤት የሚገኘው የሰብል ፀረ ተባይ መድኃኒትም ምንጊዜም ተቈልፎ፣ ቁልፉም በታላቅ ሰው እጅ ይቀመጥ።

ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል አሳብም ብዙ ልጆችን ጐድቷል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ፣ በኤች አይ ቪ የታመሙ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ መክረዋል። ለአእምሮ ሕመምም ያው ምክር ይገባል። ልጁን ወደ ጸበል ስትወስዱ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ወደ ሐኪም ስትወስዱም ጸሎታችሁ ይከተለው። ማሰርና መደብደብ ግን የጸበልም የሕክምናም ሥርዓት አይደለም።

ውጤት በሚነገርበት ቀን

ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ለዚህ ተማሪ እጅግ የምትከብደው ውጤት የሚነገርባት ቀን ናት። ስለዚህ ቤተ ሰብ ለዚያች ቀን የሚናገረውን ቃል ከወራት በፊት ያዘጋጅ፤ ለልጁም አስቀድሞ ይንገረው፦ «ብታልፍ ደስ ይለናል፤ ባታልፍም ልጃችን ነህ፤ ቤትህ ይህ ነው፤ የሚሆነውን አብረን እናያለን»። ይህ ልጅን ማስነፍ አይደለም፤ መመለሻ ቤት ያለው መንገደኛ ሩቅ ይሄዳልና።

ውጤቱ ባያስደስት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ብቻውን አይደር፤ እንግዳ እየመጣ «ስንት አመጣ?» ሲል ወላጅ ይመልስለት እንጂ ልጁ በየዕለቱ አይፈተን። ከዚያም በረጋ ልብ መንገዱ ይቈጠር፤ በውጤቱ መጠን የማካካሻ ትምህርት፣ በግል ደግሞ መፈተን፣ ወይም ቴክኒክና ሙያ አለ፤ እርሻም ንግድም የሰው ሥራ ነው። በአንድ ወረቀት የሚዘጋ በር ቢኖር አንድ በር ነው።

ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት የላክነው ሰው እንዲሆኑ ነው። ከስንቁ ጋር የተሸከሙትንም አብረን እንሸከምላቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጠይቃቸው፣ ጨርሶም የሚሰማቸው አንድ ታላቅ ሰው እያንዳንዳቸው አያጡ። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ማዕርግም አያስፈልግም። ለነቢዩ በምድረ በዳ እንጎቻና ውኃ የላከ አምላክ፣ ለልጆቻችን የሚላከው ሰው እኛ እንድንሆን ልቡናውን ይስጠን።